ልብ ሲናገር በዝምታ የሚያደምጡ ሰዎች

«ልቤ ነገረኝ» የማይል ሰው በአገራችን የለም። ነጋዴው ሊገዛ የተስማማበትን ዕቃ ትቶ የተመለሰበትን ምክንያት ቢጠይቁት ልቤ አልወደደውም ይላል። እናት ልጇ በሰው አገር ሳለ ሆዷን ያለ ምክንያት ባር ባር ቢላት አንድ ነገር ቢያገኘው ነው ብላ ስልክ ታስደውላለች። ተማሪም በፈተና ላይ ትክክለኛውን መልስ ሰርዞ የተሳሳተውን የጻፈበትን ምክንያት መምህሩ ቢጠይቀው መልሱ ያው ልቤ ነገረኝ ነው። (በዚህ በመጨረሻው ረገድ የልብ ነገር ብዙ ጊዜ እንደማያዋጣ ከማርመው ወረቀት ብዛት የተነሣ ለመመስከር እችላለሁ።)

እንዲህ ያለው ነገር በዕለት ኑሮ መካከል ብቅ ብሎ የሚጠፋ ስለ ሆነ ማንም አጥብቆ አይመረምረውም። ነገር ግን ልብ የሚናገረውን ማዳመጥንና በሰሙትም መሠረት መሥራትን ዋና የጸሎት ሥርዐታቸው ያደረጉ ክርስቲያኖች አሉ። የማኅበራቸው ስም በአማርኛ የወዳጆች ማኅበር ሊባል ይችላል፤ ዓለም የሚያውቃቸው ግን ኩዌከር በሚለው ስም ነው። ትርጓሜውም ተንቀጥቃጭ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣላቸው በ1650 ዓ.ም. በደርቢ ከተማ ያስችል የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ ነው። በፊቱ የቆመው ተከሳሽ አንተም በእግዚአብሔር ቃል ፊት ልትንቀጠቀጥ ይገባሃል ቢለው፣ ዳኛው ለፌዝ ብሎ ያወጣው ስም እስከ ዛሬ ሲጠሩበት ይኖራል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሰዎች ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዶች አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ አናነሣም ያሉ ወጣቶች የወዳጆች የአምቡላንስ ክፍል በሚባለው ድርጅታቸው ሥር ሆነው ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በተጐዱት ሐኪም ቤቶቻችን ውስጥ ሠርተዋል። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩዌከሮች የርዳታ ድርጅቶች የኖቤልን የሰላም ሽልማት በአንድነት ተቀብለዋል። የዛሬ ጉዳዬ ግን ስለ በጎ አድራጎታቸው ሳይሆን ስለ ዝምታቸው ነው።

በደርቢ ዳኛ ፊት የቆመው ተከሳሽ ጆርጅ ፎክስ ይባላል። በ1624 ዓ.ም. በሌስተርሺር አውራጃ ከሸማኔ ቤት ተወለደ፤ በወጣትነቱም ከአንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሥራ ተማረ። 19 ዓመት ሲሆነው ጭንቀት ያዘውና ቤቱን ትቶ ወጣ። ለጭንቀቱም መድኀኒት ፍለጋ ቄሶቹን አንድ ባንድ እየዞረ ጠየቀ። አንደኛው ቄስ ትምባሆ አጭስ፣ መዝሙርም ዘምር ብሎ መከረው። ሌላው መድኀኒት ሊያጠጣውና ደሙን ሊያወጣለት ዐሰበ። ሦስተኛው ደግሞ በአትክልቱ ስፍራ አብረው እየተዘዋወሩ በመልካም ሁኔታ ሲያነጋግረው ቆይቶ፣ ፎክስ ሳያውቅ የአበባውን መደብ ቢረግጥበት እንደ እሳት ነደደና ጨዋታው በዚያው ተቋረጠ። የሰው ምክር እንዲህ ከንቱ ሆኖበት ተስፋ በቈረጠ ጊዜ፣ በ1647 ዓ.ም. ያንተን ችግር የሚያውቀው ክርስቶስ ብቻ ነው የሚል ድምፅ በውስጡ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ሁሉ በዚህ ላይ ተመሠረተ፤ ይኸውም እግዚአብሔር ድሮ ለነቢያትና ለሐዋርያት ተናግሮ ዝም ያለ አምላክ አይደለም፣ ዛሬም በማናቸውም ሰው ልብ ውስጥ ይናገራል፣ የሚጐድለው ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ነው የሚል ነው።

ይህ ትምህርት ሲሰሙት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ምን እንደሚመስል ፎክስ ራሱ በማስታወሻው የተረከው አንድ ታሪክ ያስረዳል። በ1651 ዓ.ም. መገባደጃ ከደርቢ ወህኒ ቤት ተለቆ ከወዳጆቹ ጋር በእግሩ ሲጓዝ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ጕልላቶች ከሩቅ አየ። ያ ቦታ ማን ይባላል ቢል ሊችፊልድ ነው አሉት። ወዲያውኑ ወደዚያ ሂድ የሚል ትእዛዝ በልቡ መጣበት። ወዴት እንደሚሄድ ለጓደኞቹ ሳይነግር ተለያቸውና አጥሩንና ቦዩን እየተሻገረ በቀጥታ ገሠገሠ። ወደ ከተማው ለመድረስ አንድ ማይል ያህል ሲቀረው በግ የሚጠብቁ እረኞች አገኘ፤ እዚያም ላይ ጫማህን አውልቅ የሚል ሌላ ትእዛዝ መጣበት። ጊዜው የብርድ ወራት ነው፤ የእንግሊዝ አገር ብርድ ደግሞ ባዶ እግር የሚያስኬድ አይደለም። እሱ ግን ቃሉ በውስጡ እንደ እሳት ይነድ ነበርና ጫማውን አውልቆ ለእረኞቹ አደራ ሰጠ። እረኞቹ ፈርተው ተንቀጠቀጡ ይላል። ከዚያም ከተማ ገብቶ፣ ዕለቱ የገበያ ቀን ነበረና፣ በገበያተኛው መካከል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ደም የፈሰሰባት ሊችፊልድ ወዮላት እያለ ጮኸ። በመንገዱ ላይ ደም እንደ ጅረት ሲወርድ የሚያይ ይመስለው ነበር። ማንም አልነካውም። ጩኸቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ እረኞቹ ተመልሶ ገንዘብ ሰጣቸውና ጫማውን ተቀበለ፤ እግሩ ግን ገና ይቃጠል ስለ ነበረ ቶሎ አላጠለቀውም።

ለኔ ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ፎክስ ለምን እንደ ተላከ ራሱም አላወቀውም ነበርና ነገሩን ሲያሰላስል ቆየ። በመጨረሻ በንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ዘመን አንድ ሺህ ክርስቲያኖች በዚያች ከተማ ተገድለዋል የሚል ወሬ አገኘና ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ ዐረፈ። ወሬው ግን አፈ ታሪክ ነው እንጂ የታሪክ ማስረጃ የለውም። እንግዲህ አንድ ሰው ሊገልጸው በማይችለው ትእዛዝ ባዶ እግሩን በብርድ ገበያ መካከል ይጮኻል፤ ምክንያቱንም ከሥራው በኋላ ይፈልጋል። ምንም እንኳ የፎክስን ድፍረት ባደንቅ፣ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የሰውዬው ልብ ያን ቀን ሌላ ነገር አዝዞት ቢሆንስ ኖሮ የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል።

ጥያቄው በአምስት ዓመት ውስጥ መልስ አገኘ። ከፎክስ ተከታዮች መካከል በስብከት ችሎታው የታወቀው ጄምስ ኔይለር በዮርክሺር ገበሬ የነበረ፣ በፓርላማው ጦር ውስጥም ያገለገለ ሰው ነው። ማረሻውን ይዞ በእርሻው ላይ ሳለ ተነሥተህ ውጣ የሚል ድምፅ ሰምቶ ቤቱንና ንብረቱን ትቶ ለስብከት ወጣ። በጥቅምት ወር 1656 ዓ.ም. ይህ ሰው በዝናብ መካከል በፈረስ ተቀምጦ ብሪስቶል ከተማ ገባ። የሚከተሉት ሴቶችና ወንዶች ጭቃውን እየረገጡ ቅዱስ፣ ቅዱስ እያሉ ይዘምሩለት ነበር። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም የገባበትን ሁኔታ ለማሳየት የተደረገ መሆኑን ለማወቅ ማንም አልተቸገረም። ኔይለር በበኩሉ ክርስቶስ በሰው ሁሉ ውስጥ ለመኖሩ ምልክት ነኝ እንጂ እኔ ክርስቶስ ነኝ አላልሁም ብሏል። ፓርላማው ግን ጉዳዩን ራሱ አይቶ ፈረደበት። ከሞት ያመለጠው በ96 ድምፅ በ82 ነው። ተገረፈ፤ ምላሱ በጋለ ብረት ተበሳ፤ ግንባሩም አምላክን ተሳዳቢ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሚጀምርበት ፊደል ተተኰሰ። ከሦስት ዓመት እስራት በኋላ ተለቅቆ ከፎክስ ጋር ታረቀ። በ1660 ዓ.ም. ወደ አገሩ በእግሩ ሲመለስ ወንበዴዎች ደብድበው ጣሉትና ጥቂት ቈይቶ ሞተ። በመጨረሻ ሰዓቱ ስለ ይቅርታና በቀልን ስለ መተው የተናገረው ቃል ዛሬም ድረስ ይነበባል። እኔ በዚህ ሰው ላይ ለማላገጥ አልደፍርም። ማረሻውን ያስተወው ድምፅና በብሪስቶል በፈረስ ያስቀመጠው ድምፅ በሱ ጆሮ አንድ ዐይነት እንደ ነበሩ አምናለሁ፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ኩዌከሮች ከዚህ በኋላ ለልብ ድምፅ ሥርዐት ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ፎክስ በ1660ዎቹ ዓመታት ውስጥ በየወሩ የሚደረጉ ስብሰባዎችን በየአውራጃው አቋቋመ፤ የአንድ ሰው መነካትም በወንድሞቹ ፊት እንዲመዘን ተወሰነ። ሥርዐቱ ዛሬም አለ። በዝምታ የሚጸልዩት ኩዌከሮች (በኬንያና በሌሎችም አገሮች ያሉት ብዙዎቹ ፓስተርና መዝሙር አላቸው) ጌጥ በሌለው አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት እየተያዩ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ልናገር የሚል ግፊት ቢሰማው በመጀመሪያ ራሱን ይጠይቃል፤ ይህ ነገር ለኔ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉ? ዛሬ ነው ወይስ ይቈይ? ከውስጤ ነው ወይስ ከአፌ? ግፊቱ ይህን ሁሉ ጥያቄ አልፎ አሁንም አላስቀምጥ ካለው ተነሥቶ በአጭሩ ይናገራል፤ ሌላው አይመልስለትም፤ ዝምታው ይቀጥላል። አንዳንድ ጊዜ ሰዓቱ በሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣ ያልፋል። ሲጨርሱም እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ይለያያሉ።

በማኅበሩ ጉዳይ ሲመክሩም ድምፅ አይቈጥሩም። ጸሓፊው የጉባኤው መንፈስ ወዴት እንዳዘነበለ አስተውሎ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ይጽፍና ያነብላቸዋል፤ ካልተስማሙበት ነገሩ ለሌላ ጊዜ ይቈያል። ከዚህም በቀር አንድ አባል ሥራህን ልቀቅ ወይም ወደ እንዲህ ያለ አገር ሂድ የሚል ጥሪ ተሰምቶኛል ቢል ጥቂት ወዳጆች ይሰበሰቡለታል። የነሱ ሥራ መጠየቅ ብቻ ነው፤ መምከር አይፈቀድላቸውም። (መምከር የማይፈቀድበት ሽምግልና በኛ አገር ቢሞከር ሽማግሌዎቹ ምን ያህል ይጨነቁ ይሆን!) በእርግጥ የአገራችንም መነኮሳት አርምሞን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ሕልም ወይም ራእይ አየሁ የሚልም ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል እንጂ እንደ መሰለው አይሮጥም። ልዩነቱ የኛዎቹ ነገሩን ለአንድ አባት ሲያቀርቡት እነዚያ ለጉባኤው ማቅረባቸው ነው።

ታዲያ ጉባኤው ራሱ ቢሳሳትስ? የኔይለርን ፈረስ ይገታ የነበረው ልጓም ትክክለኛውንም ሰው ሊገታ ይችላልና። ይህ ደግሞ በአሜሪካ ደርሷል።

በ1688 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ ጀርመንታውን በምትባል መንደር አራት ሰዎች ሰውን መሸጥና መግዛት ኀጢአት ነው የሚል ጽሑፍ ፈርመው ለወርኃዊው ስብሰባ አቀረቡ። ወርኃዊው ነገሩ ይከብደናል ብሎ ለበላዩ አስተላለፈው፤ የበላዩም ለዓመታዊው ጉባኤ አስተላለፈው፤ ዓመታዊው ጉባኤ መልስ ሳይሰጥበት በመዝገብ ቤት አስቀመጠው። በዚያ ዘመን ከኩዌከሮች መካከል ባሪያ ያላቸው ሀብታሞች ብዙ ነበሩ። በየሳምንቱ በዚያው ዝምታ ውስጥ አብረው ይቀመጡ ነበር፤ ዝምታውም ለብዙ ዓመታት ስለ ባሪያ ምንም አልነገራቸውም።

ቢንጃሚን ሌይ የሚባለው ቁመቱ አጭር፣ ጀርባውም የጐበጠ ሰው በ1738 ዓ.ም. በበርሊንግተን በተደረገው ጉባኤ ላይ ቀይ ጭማቂ የተሞላ ከረጢት በመጽሐፍ ውስጥ ደብቆ ገባ። በሰይፍም ወጋውና እንደ ደም የቀላውን ጭማቂ በአጠገቡ በነበሩት ላይ ረጨው። የባሪያ ጌቶች ደም እንዲህ ይፈሳል ማለቱ ነው። ጉባኤው አስወጣው፤ ከማኅበሩም ተሰረዘ። ዛሬ ስናየው ትክክለኛው እሱ ነበር። ሆኖም በአዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሌይን ከኔይለር በምን ይለየው ነበር?

መንገዱን ያገኘው ጆን ዉልማን የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። በ1720 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ልጅ ሳለ ጎጆዋ ላይ የነበረችን ወፍ በድንጋይ መትቶ ገደላት። ጫጩቶቿ እናት አጥተው ከሚሠቃዩ ይሻላል ብሎ ዛፉ ላይ ወጥቶ እነሱንም ገደላቸው። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ከራሱ ሊያወጣው ያልቻለው ጭንቀት ያዘው። በኋላ በሕይወቱ ሙሉ የተከተለው ይህንኑ ጭንቀት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እንደ ፎክስ ነጐድጓድ ያለ ትእዛዝ አልመጣለትም፤ የሚመጣለት አልተመቸኝም የሚል ስሜት ነው።

በ1742 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ አሠሪው አንዲት ጥቁር ባሪያ ሸጠና የሽያጩን ውል ጻፍ አለው። ገዢው ቆሞ ይጠብቃል። ዉልማን ገና የ22 ዓመት ወጣት ነው። እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ የሚያዝዘኝም ጌታዬ ነው፣ ገዢውም ሽማግሌና የማኅበራችን አባል ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ ጻፈ። እየጻፈ ግን ልቡ ከበደው፤ በሁለቱም ፊት ባሪያ ማሳደር ከክርስትና ጋር አይስማማም ብዬ አምናለሁ አለ። ይህን በመናገሩ ጥቂት ቀለል አለው። በኋላ ሲያስበው ግን ከመናገር አልፎ አልጽፍም ማለት ይገባኝ ነበር አለ። ጥቂት ቈይቶ ሌላ ወጣት እንዲሁ ያለ ውል እንዲጽፍለት ቢጠይቀው እምቢ አለ።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ጎረቤቱ ክፉኛ ተጐድቶ ተኛና ዉልማንን አስጠራው። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ደም ያወጣል፣ ኑዛዜም ይጽፋል። ሰውዬው ንብረቱን ለልጆቹ ሲያከፋፍል አንዲት ወጣት ባሪያውን ለማን እንደሚያወርስ ጭምር ነገረው። ዉልማን የሕመምተኛውን ሥቃይ እያየ ሊከራከረው አልፈለገም። ሄደና ኑዛዜውን በሙሉ ጻፈው፤ የባሪያዋን አንቀጽ ብቻ ተወው። ወረቀቱን ይዞ ወደ አልጋው ቀረበና በለዘበ አንደበት፣ ሰው ባሪያ የሚሆንበትን ጽሑፍ ብጽፍ ልቤ ስለሚታወክ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ለጻፍሁትም ዋጋ አልፈልግም አለው። ከዚያ ሁለቱ ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገሩ። ሰውዬው ባሪያዋን ነጻ ለማውጣት ተስማማ፤ ዉልማንም ኑዛዜውን ጽፎ ፈጸመው።

ይህ ልቤ ነገረኝ የሚለውን ቃል ከሌሎቹ የሚለየው ነው። ፎክስ በገበያተኛው ላይ ጮኸ፤ ሌይ በጉባኤው ላይ ረጨ፤ ዉልማን የቀነሰው ከራሱ ገቢ ነው። ንግዱ እየሰፋ ቢሄድበት በ1756 ዓ.ም. ገደማ ተወውና ወደ መርፌውና ወደ አትክልቱ ተመለሰ። በ1757 ዓ.ም. ባሪያ ወዳለበት ወደ ደቡብ ሲጓዝ በሀብታሞቹ ቤት ያድር ነበር፤ ያስተናገዱት ግን ባሮች ናቸውና ትንንሽ የብር ገንዘብ ይዞ ለነሱ ይከፍል ነበር። እንግዳ ሆኖ ገንዘብ መስጠት እሱንም ባለቤቶቹንም ያሳፍራቸው እንደ ነበር አልደበቀም። ቀለም እድፍን ይሸፍናል ብሎ ያልተቀለመ ልብስና ነጭ ባርኔጣ ማድረግ በጀመረ ጊዜ ነጭ ባርኔጣ የፋሽን ወሬ ሆኖ ነበርና ወዳጆቹ ሳይቀሩ ተጠራጠሩት።

በ1758 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ የባሪያ ነገር ሲነሣ ብዙዎቹ ለሌላ ጊዜ ይቈይ ለማለት ተዘጋጅተው ነበር። ዉልማን እስኪበቃ ድረስ ዝም ብሎ ተቀመጠና ተነሣ። የባሮቹ ጩኸት ወደ እግዚአብሔር ደርሷል፣ ለጥቂት ሰዎች ጥቅም ብለን ግዴታችንን ብናዘገይ ፍርዱን አናመልጥም የሚል ንግግር አደረገ። የዚያን ቀን የጉባኤው መንፈስ አዘነበለ። ባሪያ የሚገዛና የሚሸጥ በማኅበሩ ጉዳይ እንዳይመክር ተወሰነ፤ ባሪያ ያላቸውንም ቤት ለቤት ሄደው የሚያነጋግሩ ሰዎች ተመረጡ፤ ዉልማን ከነሱ አንዱ ነበር። በስተርጅና ላይ የነበረው ሌይ ይህን ወሬ ሰምቶ እንግዲህ በሰላም እሞታለሁ እንዳለ ይነገራል፤ በ1759 ዓ.ም. ሞተ።

ዉልማን የተሰማው ሁሉ ትክክል ነው ብሎ አልተነሣም። ወደ ባርባዶስ ደሴት ሂድ የሚል ግፊት ተሰምቶት ለብዙ ጊዜ ሲመዝነው ቈየና መርከቡ እስካለበት እስከ ፊላደልፊያ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ግፊቱ ከልቡ ተነሣለት። ሳያፍር ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለኔ ይህ መመለስ ከፎክስ የሊችፊልድ ጕዞ ይበልጥብኛል።

በ1772 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር የመርከቡ ክፍል በከንቱ ጌጥ ተጊጧል ብሎ ከመርከበኞቹ ጋር በታችኛው ክፍል ተኛ። ከለንደን ወደ ሰሜን በእግሩ ተጓዘ፤ በፈጣን ሠረገላዎች የሚሞቱት ፈረሶችና በብርድ የሚሠቃዩት ልጆች ነገር አልተመቸውምና። ዮርክ ሲደርስ ፈንጣጣ ያዘውና በጥቅምት ወር እዚያው ሞተ።

የፊላደልፊያው ጉባኤ ባሪያ ያለው ሰው የማኅበሩ አባል ሊሆን አይችልም ብሎ የወሰነው በ1776 ዓ.ም. ነው። የጀርመንታውን ወረቀት ከቀረበ 88 ዓመት፣ ዉልማንም ከሞተ አራት ዓመት ሆኖ ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ በሱ እጅ ጽሕፈት የተሸጠችውን ሴት ዉልማን በማስታወሻው ውስጥ አልረሳትም፤ ስሟን ግን አልጻፈውም።